ጥርኝ ውሃ፦ ላልተገባው ስለሚሰጠው ጸጋ

በሐሮ ወንጪ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ያልሁት ለወጉ ብቻ አይደለም፤ የዛሬው ርእሳችን ሥሩ በዚህ ቃል ውስጥ ስላለ ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚል ሰው ውለታውን በራሱ ዐቅም እንደማይመልስ ያምናል፤ በእርሱ ፈንታ የሚሰጥ ሌላ እንዳለም ይናገራል። ሰጪው «አብሮ ይስጠን» ብሎ ሲመልስ ደግሞ ከተቀባዩ ጎን ይቆማል፤ እርሱም ተቀባይ ነውና። ከዚህ ቃል የማይርቅ ሌላ አነጋገርም አለን። በራችን ላይ ቆሞ የሚለምነውን ሰው ባዶ እጁን የምንሸኘው «እግዜር ይስጥህ» ብለን ነው። የምስጋናችንና የእምቢታችን ቃል አንድ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ያንኑ ለማኝ የምንጠራው ግን «የኔ ቢጤ» ብለን ነው፤ የእኔ ብጤ፣ የእኔ አምሳያ ማለታችን ነው። ቋንቋችን ከእኛ ይልቅ ርኅሩኅ መሆኑን ብዙ ጊዜ ታዝቤያለሁ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር እንጂ የነገረ መለኮት ሊቅ ስላልሆንሁ ከቃልና ከታሪክ እነሣለሁ። «ጸጋ» «ጸገወ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ያለ ዋጋ ሰጠ፣ ቸረ ማለት ነው። አማርኛ ሀብታሙን «ባለጸጋ» ይለዋል። ሰውዬው በላቤ ያፈራሁት ነው ሊል ይችላል፤ የሚጠራበት ስም ግን የተሰጠህ ነህ ይለዋል። በኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለጸጋ የቆመው ቃል «አያና» ነው። አያና ከክርስትና አስቀድሞ በኦሮሞ እምነት ከዋቃ ወደ ፍጡር የሚመጣውን መንፈስ፣ የዕለቱን ዕድል፣ በዓሉንም ጭምር የሚያመለክት ሰፊ ቃል ነው። ከላይ የሚወርድ፣ ሰው በጉልበቱ የማያመጣው ነገር እንዳለ ለዚህ አገር ሕዝብ ሰባኪ መጥቶ እስኪነግረው ድረስ የተሰወረ አልነበረም። ክረምቱ ሲያበቃ ለኢሬቻ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ውሃ ዳር የሚወርደው ሰው በቅድሚያ የሚያደርሰው ምስጋና ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ ስለ ዝናብ የተናገረውን ታስታውሳላችሁ። ዝናቡ ለጻድቁም ለኃጥኡም ይዘንባል። የወንጪ ገበሬ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የጎረቤቱን ድንበር የገፋው ሰው ገብስና እንሰትም ውሃ ይጠጣል። ነገሩ ያስቆጣል፤ ደግሞም ያስቆጣ ዘንድ የተነገረ ይመስለኛል።

ቁጣው ጎልቶ የሚሰማው በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 20 ነው። የወይን ቦታ ባለቤት ሠራተኛ ሊቀጥር በማለዳ ይወጣል፤ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በመጨረሻም ቀኑ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይወጣል፤ ማታ ለሁሉም እኩል አንድ ዲናር ይከፍላል። አበው ሰዓቶቹን በሰው ዕድሜ መስለው ተርጉመዋል፤ በልጅነቱ የተጠራ አለ፣ በሽምግልናው የተጠራ አለ። ትርጓሜው መልካም ነው። እኔ ግን ከትርጓሜው በፊት ሥጋዊውን ነገር እንድታዩት እፈልጋለሁ። በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በማለዳ አካፋና ዶማ ይዘው መንገድ ዳር የሚቆሙትን የቀን ሠራተኞች አይታችኋል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆሞ የዋለው ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ማንም አልቀጠረውም። ምሳሌው ራሱ ይህንኑ ምክንያት ይሰጣል። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ፣ ቤተ ሰብ የሚያድርበት ነው። ባለቤቱ የሰዓቱን ሒሳብ ሠርቶ የዲናሩን ጥቂት ክፋይ ብቻ ቢሰጠው የዚያ ሰው ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ የከፈለው በሥራው ልክ ሳይሆን በራቡ ልክ ነው። ያጉረመረሙትም ቢሆኑ ከውላቸው አንዳች አልጎደለባቸውም። ያመማቸው የሌላው መጥገብ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሐይቁ ተመልከቱ። በደሴቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን የቂርቆስ ነው። ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕትነትን ሲቀበል የ3 ዓመት ሕፃን ነበረ፤ በሚፈላው ውሃ ፊት እናቱ ስትፈራ ያጸናት እርሱ እንደ ነበረ ገድሉ ይናገራል። የ3 ዓመት ልጅ ምን ሥራ አለው? ስንት ጾም ጾመ፣ ስንት ስግደት ሰገደ? ሕዝባችን ግን ታቦቱን በስሙ ሰይሞ በታንኳ እየተሻገረ ይሳለመዋል። ሥራ ሳይኖር ስለሚሰጥ ጸጋ ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አላገኘሁም። የቀለለ ያልሁት ሕፃኑ ንጹሕ ስለሆነ ነው፤ ንጹሑን መቀበል ለማንም አይከብድምና። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው።

በላዔ ሰብእን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታሪኩ በተአምረ ማርያም ውስጥ ይገኛል፤ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይተረካል፤ በጣና ዳር በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ እንደሚታየው በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ይሣላል። የቅምር አገር ሰው ነው፤ ክርስቲያን ነበረ። ሰው መብላት ጀመረ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ሳያስቀር 78 ነፍስ በላ። ከዕለታት አንድ ቀን በመንገድ አንድ በሽተኛ የኔ ቢጤ ውሃ ለመነው፤ ስለ እግዚአብሔር ቢለው እንኳ አልሰጠውም። ስለ ማርያም ሲለው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ውሃውም ከጉሮሮ ያለፈ አልነበረም። በሞተ ጊዜ ነፍሱ ለፍርድ ቀረበች፤ እመቤታችን ልጇን ለመነች፤ ሚዛን ቀረበ፤ በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኝ ውሃዋ ተቀመጡ። የእመቤታችን ጥላ ባረፈበት ጊዜ ውሃው መዘነ።

በየዓመቱ ይህን ታሪክ በክፍል ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን ያወጣል። የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ይህ ፍትሕ ነው ወይ? ከወንጌላውያን ወገን የሆነው ደግሞ የክርስቶስ ቦታ የት አለ ይለኛል። የሁለተኛውን ባጭሩ ልመልስ። በታሪኩ ውስጥ ኪዳኑን የሚሰጠውም ፍርዱን የሚፈርደውም ልጇ ነው፤ እርሷ ትለምናለች። በምልጃ ላይ ያለው ልዩነት በአንድ ንግግር የሚዘጋ አይደለም፤ ምንጩ ማን ነው በሚለው ግን ሁለቱ ወገኖች ከሚያስቡት በላይ ይቀራረባሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በቅድሚያ ሚዛኑን ልብ በሉት። ደራሲው ምሕረትን ብቻ ሊያሳይ ቢፈልግ ሚዛኑ ባላስፈለገው ነበር። ሟቾቹን ግን አልደበቃቸውም፤ ቆጥሮ፣ ቁጥራቸውን ጽፎ፣ በችሎቱ ፊት አቆማቸው። ርካሽ ይቅርታ ዋነኛ መታወቂያው ቁጥሩን መርሳቱ ነው፤ ይህ ታሪክ ግን ከ500 ዓመት በላይ 78 እያለ ሲቆጥር ኖሯል። ሁለተኛ፣ ውሃው በራሱ አልመዘነም። ጥርኝ ውሃ የ78 ሰው ነፍስ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የንግድ ታሪክ በሆነ ነበር፤ ያውም የማጭበርበር ንግድ። ጥላው ባያርፍበት ውሃው ውሃ ነው። ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ ይህ ነው፦ ለበላዔ ሰብእ ሰው ማለት ምግብ ነበረ። ሚስቱም ምግብ፣ ልጁም ምግብ። ውሃውን ባፈሰሰ ጊዜ በፊቱ የቆመውን ሰው የሚጠማ ሰው አድርጎ አየው። ምሕረቱ በሰማይ ከመፈረዱ በፊት በዚያ መንገድ ላይ ጀምሮ ነበረ፤ ይዞለት የመጣውም ሰዎች በቁስሉ ምክንያት ሳይጠየፉት ያልቀረ አንድ ለማኝ ነው። ካህን አልመጣለትም፤ መልአክም አልመጣለትም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታማኝ አልሆንም። 78ቱ ስም የላቸውም። ወዴት እንደ ሄዱ፣ ማን እንዳለቀሰላቸው አይነገረንም። ባለፉት ዓመታት በዚህ በሸዋ ምድርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ልጇ የተገደለባት እናት ጥቂት አይደለችም። እርሷን «በላዔ ሰብእም ተምሯል፤ አንቺም ይቅር በይ» ማለት በታሪኩ መቀለድ ነው ብዬ አምናለሁ። ምሕረት የእግዚአብሔር ነው፤ በምድርም የተበዳዩ ነው። ተመልካች ከሌላው ቁስል ላይ ቆርሶ የሚያድለው አይደለም። ፍርድ ቤትንም አያፈርስም። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ አባቶች ፈያታዊ ዘየማን የሚሉት፣ ገነት ተሰጠችው፤ ከመስቀሉ ግን አልወረደም። የሠራው ሥራ የሚገባውን እንዳመጣበት ራሱ መስክሮ፣ ቅጣቱን ተቀብሎ ሞተ። ጸጋና ቅጣት በአንድ ሰው ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ አብረው ሊውሉ ይችላሉ።

የተአምሩ መጽሐፍ ራሱ የገጠመውን ዕጣ ማንሣትም ደግ ነው። ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ከተመለሰ በኋላ በአብያተ ክርስቲያናት ዘወትር እንዲነበብ ሥርዓት ያጸናው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው (1426–1460 ዓ.ም.)። ይህ ንጉሥ ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን በጽኑ አሳደደ፤ የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹን ሳይቀር በጣዖት አምልኮ ክስ እንዳስቀጣ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። 78 ሰው ለበላ ሰው የወረደውን ምሕረት በሕዝቡ ጆሮ ያስነበበ ንጉሥ በቤቱ ምሕረት አላሳየም። ይህን የምጠቅሰው ንጉሡን ለመኮነን አይደለም፤ መጽሐፉን ማስነበብና በመጽሐፉ መዳኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ በታሪካችን ስላላገኘሁ ነው።

የሚዳኝ ሰው ነገር ከተነሣ፣ ስንክሳር ሰኔ 24 ቀን የሚያስበውን ሙሴ ጸሊምን አንርሳ። ሽፍታ ነበረ፤ በግብፅ በረሃ መነኰሰ። አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ሙሴን ጠሩት፤ እርሱም የሚያፈስ ዕቃ ውሃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድር ነው ቢሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፤ እኔ ግን አላየውም፤ በሌላው ልፈርድ መጥቻለሁ የሚል መልስ ሰጣቸው። እነርሱም ወንድማቸውን ተዉት። ከመካከላችን በዲሲፕሊን ኮሚቴ የምንቀመጥ አለን። ውጤት ይጭበርበር፣ ጥፋት ይሸፈን አልልም፤ ውሳኔ መስጠት ግዴታችን ነው። ይሁንና የምንወስንበትን ልጅ ፊት ከማየታችን በፊት የጀርባችንን ውሃ ብናስብ የውሳኔያችን ቃል ይለወጣል፤ አንዳንዴ ውሳኔው ራሱም ይለወጣል።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ያደጉት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ፣ አኩፋዳ ይዘው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ በለመኑት ቁራሽ ነው። ቅኔው፣ ዜማው፣ ትርጓሜው የቆመው ዋጋ ባልተከፈለበት እንጀራ ላይ ነው። በር ከፍታ የሰጠችው ባልቴት ልጁ ሊቅ ይሁን ወስላታ አልመረመረችም፤ መመርመሪያም አልነበራትም። እናንተም የወጪ መጋራት ውል ብትፈርሙ እንኳ የምትበሉት እንጀራና የምትማሩበት ክፍል በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ገበሬ የከፈለው ነው። ይህ ዕዳ ነው ብዬ ላስጨንቃችሁ አልፈልግም፤ በውጤታችሁ ብቻ የመጣ ነው እንዳትሉ ግን እፈልጋለሁ።

ዛሬ በከተሞቻችን መንገድ ላይ የምንሰማው ክርክር የታወቀ ነው፦ ይህ ለማኝ እውነተኛ ድሃ ነው ወይስ አጭበርባሪ? ብሩን ለመጠጥ ቢያውለውስ? ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ድሆችን የሚረዳ ድርጅትም መመዘኛ ሳያወጣ ሊሠራ አይችልም። ነገር ግን እኔ አንድ ነገር አስተውያለሁ፦ ይህን ጥያቄ አጥብቀን የምናነሣው ለመስጠት ስንዘጋጅ ሳይሆን «እግዜር ይስጥህ» ለማለት ስንዘጋጅ ነው። በላዔ ሰብእ እንኳ፣ ያ 78 ሰው የበላው፣ በስሟ ከተለመነ በኋላ የለማኙን ማንነት አልመረመረም። ለማኙም በበኩሉ ማንን እየለመነ እንደሆነ አላወቀም። ያንን ሰው የሚያውቁት ሁሉ ሸሽተውታል፤ ለማኙ ግን ሳያውቅ ቀርቦ እጁን ዘረጋለት፤ ውሃዋም ጉሮሮውን አርጥባ ቀረች።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከወንጪ ሽማግሌዎች እጀምራለሁ።