ሚዛኑ በሻጩ እጅ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የተሰጠኝ አርእስት «ስለ መገልገያ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎችና ስለ ኢንተርኔት አቅራቢዎች የመሐንዲስ አስተያየት» የሚል ነው። ስለ እነዚህ ኩባንያዎች አስተያየት የሌለው ሰው በዛሬው ጊዜ አይገኝም። ታክሲ ውስጥም ሆነ ቡና ላይ «መስመሩ ዘገየ፣ ጥቅሉ ሳልጠግበው አለቀ፣ ስልኩ ባትሪ አልይዝ አለ» የሚለው ምሬት የዘወትር ወሬ ሆኗል። እኔም በግሌ የማዋጣው ምሬት አይጠፋኝም፤ ነገር ግን ያን ለመስማት እዚህ ድረስ መምጣት ባላስፈለጋችሁ ነበር። ስለዚህ ከሰፊው አርእስት አንድ ነገር ብቻ መርጫለሁ፤ እርሱም ልኬት ነው። ኩባንያው የሚሸጥልንን ነገር በምን ሰፍሮ ይሸጥልናል? ስፍሩንስ ገዢው መልሶ ሊሰፍረው ይችላልን?

እህል በጣሳ በሚሸጥበት ገበያ እናቶቻችን ከዋጋው አስቀድመው የሚመለከቱት ጣሳውን ነው። ቂጡ ወደ ውስጥ የተጎደጎደ እንደ ሆነ ዋጋው ቢረክስም ጥለውት ይሄዳሉ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪም በግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ሻጩና ገዢው አንዱን ቁጥር ያነቡበታል። ቆጣሪው ተሳስቷል የሚል ሰው ቢነሣ እንኳ ክርክሩ የሚካሄደው ሁለቱም ወገኖች በሚያዩት ዕቃ ላይ ነው። በኢንተርኔት ረገድ ግን የሚሸጠው ፍጥነት ነው ይባላል፤ ቁጥሩን የሚናገረው ሻጩ ነው፤ መለኪያውን የሚመርጠው፣ የመለኪያውንም ሰዓት የሚወስነው ያው ሻጩ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ሻጩ ፍጥነትን የሚናገረው በሜጋቢት ሲሆን ገዢው በስልኩ ላይ የሚያየው ፋይል የሚመዘነው በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፣ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚባለው መስመር ምንም እንከን ባይኖርበት በሴኮንድ 1 ሜጋባይት ያመጣል፤ 100 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል ለማውረድ ከ100 ሴኮንድ ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል። በቢት መቁጠር የመገናኛ ሙያ የቆየ ልማድ መሆኑን አልክድም። ለእናንተም ይህ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው። ለአንድ ባለሱቅ ወይም ለአንድ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ግን ያልተነገረው የ8 እጥፍ ልዩነት ነው።

በመሣሪያዎችም ዘንድ ይኸው ልማድ አለ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ከቦርሳችን የማይለየውን ፓወር ባንክ እንውሰድ። በጀርባው «10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት» ተብሎ ተጽፎበታል። ቁጥሩ የተሰላው በውስጡ ባለው የሊቲየም ሴል ቮልቴጅ፣ ማለትም በ3.7 ቮልት ነው፤ ወደ ስልካችን የሚወጣው ደግሞ በ5 ቮልት ነው። የተጠራቀመው ኃይል 37 ዋት ሰዓት በመሆኑ ለ5 ሲካፈል 7,400 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ከዚህም ላይ በመለወጫው ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ይቀነሳል። በሳጥኑ ላይ ውሸት አልተጻፈም፤ የተጻፈው ለገዢው ምንም የማይነግረው እውነት ነው። በዋት ሰዓት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ጥያቄውም ባልተነሣ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደችው ግን «እስከ» የምትባለዋ ትንሽ ቃል ናት። «በሴኮንድ እስከ 100 ሜጋቢት» የሚል ማስታወቂያ ምን ቃል ይገባል? 3 ሜጋቢት ቢመጣም «እስከ 100» ውስጥ ነው፤ ምንም ባይመጣም እንዲሁ። ጣራው ተነግሮ ወለሉ ያልተነገረ ውል ነው። ቤት ሠርተን እንዲህ ብለን ብናስረክብ፣ «ይህ ምሰሶ እስከ 50 ቶን ይሸከማል» ብለን ብንፈርም፣ ማን ይቀበለናል?

ሆኖም ፍርዳችን ትክክለኛ እንዲሆን አንድ ነገር መለየት አለብን። አንዱን መስመር ለብዙ ደንበኞች አካፍሎ መሸጥ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ የተከበረ የምህንድስና ሥራ ነው። መሠረቱን የጣለው በኮፐንሐገን የስልክ ኩባንያ ያገለግል የነበረው የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1909፣ ዛሬም የምንሠራበትን ቀመር በ1917 አውጥቷል። በአሳቡ መሠረት 200 ደንበኞች ጭነት በሚበዛበት ሰዓት እያንዳንዳቸው በአማካይ 3 ደቂቃ ቢነጋገሩ፣ ለእነርሱ 200 መስመር መዘርጋት ሀብት ማባከን ነው። ጭነቱ 10 ኤርላንግ ስለሚሆን 18 መስመር ይበቃል፤ ከመቶ ጥሪ አንድ እንኳ አይመለስም። ከሌላው የሚተርፈው መዳብ ለሌላ ሰፈር ይሄዳል። ይህ ለድሃ አገር የተባረከ ሒሳብ ነው።

አሁን ግን ደንበኞቹን በእጥፍ እናሳድግና 400 እናድርጋቸው፤ መስመሮቹን ግን በ18 እንተዋቸው። ከመቶ ጥሪ የሚመለሰው ወደ 2 ከፍ ይላል ብሎ የሚገምት ሰው ይኖር ይሆናል። ቀመሩ የሚሰጠው መልስ 22 ነው። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ብልሽቱ ከ30 እጥፍ በላይ ይሆናል። የማካፈል ጥበብ መልካምነቱ የሚቆመው በዚህ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከጠርዙ በየትኛው ወገን እንደ ቆመ የሚያውቀውም አቅራቢው ብቻ ነው።

የጥንቱ የስልክ መሐንዲስ ይህን ቁጥር «የአገልግሎት ደረጃ» ብሎ በዕቅዱ ላይ ይጽፈው ነበር። መስመር ሲያልቅም ስልኩ በታወቀው ድምፅ «ተይዟል» ይለን ነበር። ያ ድምፅ ያሰለች እንጂ ሐቀኛ ነበር፤ ጥፋቱ ከአንተ አይደለም፣ እኔ ዘንድ ቦታ የለም ይላል። ኢንተርኔት እንዲህ አይናገርም። ቦታ ሲጠብ አይመልሰንም፤ ያዘገየናል። ተጠቃሚው ስልኩን ያጠፋል፣ ያበራል፣ ፎቅ ላይ ይወጣል፣ ልጁን ይቆጣል። ከማስተላለፊያዎቹ ውስጥ ከልክ ያለፈ ወረፋ ሲጠራቀም ደግሞ ፍጥነቱ በመለኪያ ላይ መልካም መስሎ እየታየ የድምፅ ጥሪው ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን ቢነገርም እንኳ አይበቃም፤ በጭነት ጊዜ የሚደርሰው መዘግየትም መነገር አለበት።

ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የመስመር ርክክብ ሲደረግ ተገኝቼ ነበር። መለኪያው የተካሄደው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። የመለኪያው ሰርቨር የሚገኘው በዚያው በአቅራቢው ግቢ ውስጥ ስለ ነበረ፣ የተለካው ከበር እስከ በር ያለው መንገድ ብቻ እንጂ ወደ ዓለም የሚወስደው አልነበረም። ቁጥሩ አምሮ ወጣ፤ ሰነዱም ተፈረመ። ሰኞ ጧት በ4 ሰዓት ባለጉዳዩ ወረፋ ይዞ ሳለ ሥርዓቱ አልከፈት አለ። አቅራቢውን አልወቅስም፤ የተጠየቀውን ለክቶ አሳይቷል። ፈራሚው ግን የእኛ ሙያ ሰው ነበር። ዛሬ በፊታችሁ እንድናገር ያነሣሣኝም ይኸው ፊርማ ነው፤ የሆስፒታሉን፣ የባንኩን፣ የትምህርት ቤቱን የርክክብ ሰነድ የምንፈርመው እኛ ነንና።

«እስከ»ን መግራት እንደሚቻል በሌላ አገር ታይቷል። በብሪታንያ ቀድሞ በነበረው ደንብ ከደንበኞች 10 ከመቶ የሚሆኑት ያገኙት እንደ ሆነ አንድን ፍጥነት «እስከ» ብሎ ማስተዋወቅ ይቻል ነበር። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ቢያንስ ግማሾቹ ደንበኞች ጭነት በሚበዛበት ሰዓት፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ የሚያገኙት ፍጥነት መነገር አለበት ተባለ። «እስከ 17 ሜጋቢት» ሲባል የነበረው አገልግሎት በብዙ አቅራቢዎች ዘንድ ወዲያው 10 ወይም 11 ሆነ። አንድም ሽቦ አልተነካም፤ የተለወጠው ጣሳው ነው። በአሜሪካም በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ታላላቆቹ አቅራቢዎች በምግብ እሽግ ላይ እንደሚለጠፈው ያለ ዝርዝር፣ ዋጋውን፣ የተለመደውን ፍጥነትና መዘግየት ጽፈው እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል።

ወደ መሣሪያ ኩባንያዎች ስንመለስ፣ ከሁሉ ይልቅ ለመሐንዲስ ትምህርት የሚሰጠው የአፕል ኩባንያ የባትሪ ጉዳይ ይመስለኛል። የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ስልኩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ ይወርድና መሣሪያው ይጠፋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የፕሮግራም ማሻሻያ ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮች ፍጥነታቸው በልክ እንዲቀንስ አደረገ። ይህን መፍትሔ ከመካከላችን ማንም ቢሆን ሊያስበው ይችል ነበር፤ ስልክ ከሚጠፋ ቢዘገይ ይሻላል። ነገር ግን ለባለቤቱ በግልጽ አልተነገረውም። ነገሩን በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ያጋለጠው ከውጭ የስልኮቹን ፍጥነት የለካ ሰው ነው። በዚያ መካከል ስልኩ ያረጀ የመሰለው ሁሉ አዲስ ስልክ ለመግዛት ሲያስብ፣ የሚያስፈልገው አዲስ ባትሪ ብቻ ነበር። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020 ደግሞ በፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ፤ በአሜሪካ ለቀረበበት ክስም እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። (እነሆ፣ እዚህም «እስከ» አለች።) ሥራው ትክክል ነበር፤ ዝምታው ግን ይህን ሁሉ አስከፈለ።

ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የሚቀርብ አዲስ ስልክ፣ ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶ ከባለቀቀ በኋላ ቢያንስ 80 ከመቶ የሚሆነውን አቅሙን መያዝ አለበት፤ ዋና ዋና መለዋወጫዎቹም ሽያጩ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት መገኘት አለባቸው። ይህ ልኬት ነው፤ ማንም ላቦራቶሪ መልሶ ሊሰፍረው ይችላል። ለመርካቶ ገዢ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር በሳጥኑ ላይ ተጽፎ እንዲቀርብለት የጠየቀ የለም። የጥገና ቤት ልጆቻችን አሮጌውን ስልክ ከመቃብር ሲያስነሡት የሚኖሩት መለዋወጫው በተገኘ መጠን ነው፤ ስለዚህ የ7 ዓመቱ ነገር ከአውሮፓዊው ይልቅ የሚጠቅመው ለእኛ ነበር።

ከባልደረቦቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ስንነጋገር የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው «ውድድር ያስተካክለዋል» የሚል ነው። በ2013 ዓ.ም. ለሳፋሪኮም ፈቃድ ተሰጥቶ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ብቸኝነት አብቅቷል፤ ለገዢው ምርጫ መገኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን ገዢው ሊለካው በማይችለው ዕቃ ላይ ውድድር ሐቀኛውን ይጎዳል። አንዱ «በጭነት ሰዓት 20» ብሎ እውነቱን ቢጽፍ፣ ሌላው «እስከ 100» ብሎ ቢጽፍ፣ ገዢው ወደ ማን ይሄዳል? ይህን የኢኮኖሚ ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጽሑፍ አስረድቶታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥፋቱ ሁሉ የአቅራቢው አይደለም የሚል ነው። እቀበለዋለሁ። መብራት ይጠፋል፤ የመንገድና የቦይ ቁፋሮ ፋይበሩን ይበጥሰዋል። ቁፋሮውን የሚያዘውም ብዙ ጊዜ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው አንዱ ነው። ይሁን እንጂ መቋረጡ ከነምክንያቱና ከነሰዓቱ ካልተመዘገበ አቅራቢውስ ንጽሕናውን በምን ያስረዳል?

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የአገልግሎት ጥራት መመሪያም አውጥቷል። መቆጣጠር የእርሱ ሥራ ነው፤ ውል መዋዋል ግን የእኛ ነው፤ ለዚህም የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገንም። እኔ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። የማኅበሩ አባል የሆነ መሐንዲስ «እስከ» የሚል የፍጥነት አንቀጽ ያለበትን የርክክብ ሰነድ አይፈርም። በምትኩ ዝቅተኛው ፍጥነት ይጻፍ፤ መለኪያው አንድ ቅዳሜ ሳይሆን ሙሉ ወር፣ በየ15 ደቂቃው፣ ከአቅራቢው ግቢ ውጭ ወዳለ ሰርቨር ይደረግ፤ በሥራ ሰዓት ከተገኙት ልኬቶች 95 ከመቶ የሚሆኑት ከዝቅተኛው በታች አይውረዱ፤ መስመሩ ሥራ ላይ ሳለም መዘግየቱ ይለካ፤ የተቋረጠበት ሰዓት ከወር ክፍያው ይቀነስ። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ በየመጋዘኑ አቧራ የለበሰ አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃዋል።

በዚህ መሠረት የተዘጋጀውን የውል አንቀጽ ረቂቅ፣ ሁለት ገጽ ነው፣ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ታላላቆቼ የስልክ ሙያ አባቶች 95 ከመቶ የሚለው ቁጥር ለአገራችን ሁኔታ በዝቷል ወይም አንሷል የሚሉ እንደ ሆነ፣ ምክንያታቸውን በኅዳጉ ላይ ጽፈው ከሚቀጥለው የቴክኒክ ኮሚቴ ስብሰባ በፊት እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።