የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ
የአሜሪካንን ታሪክ በየትኛው ልቦለድ እናንብብ?

(ለንባብ ወዳጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)



“እዚህ ስንት ጉድ እያለ የአሜሪካ ልቦለድ ምን ያደርግልናል?” የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን ከምናስበው በላይ ቤታችን ገብቷል። አሜሪካኖች ከ1861 እስከ 1865 እርስ በርስ ስለተላለቁበት ጦርነት ብዙዎቻችን የሰማነው ከየት ነው? ከታሪክ መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ከተረጎመልን “ነገም ሌላ ቀን ነው” ነው። ነቢይ በዚያ ጨለማ ውስጥ ለአማርኛ አንባቢ የዋለው ውለታ አይረሳም። የእኔ ክርክር ከተርጓሚው ጋር ሳይሆን ከዋናዋ ደራሲ ጋር ነው።

ማርጋሬት ሚቸል “ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ”ን ያሳተመችው በ1936 ነው። በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ በ1939 ፊልም ሆነ። ስካርሌት ስትራብ አብረን እንራባለን፤ በ1864 አትላንታ ስትጋይ አብረን እንሸሻለን። የሴትዮዋ ችሎታ አያከራክርም። ግን ለመሆኑ ያንን ሁሉ ጥጥ የለቀመው ማነው? በ1860ው ቆጠራ ጆርጂያ ውስጥ ብቻ ከ460 ሺህ በላይ ባሮች ነበሩ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ባሪያው ጌታውን የሚወድ፣ ነፃነት ሲመጣ ግራ የሚጋባ ፍጡር ነው። ጥቁሮችን በሌሊት እያደነ ይገድል የነበረው ኩ ክለክስ ክላን ደግሞ የሴቶች ክብር ጠባቂ ሆኖ ቀርቧል።

ታሪክን የሚጽፈው አሸናፊ ነው ይባላል። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። በጦር ሜዳ የተሸነፈው ደቡብ በልቦለድ አሸነፈ! እኛም ሳናውቀው በባሪያ አሳዳሪዎቹ ሐዘን አለቀስን።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ መጽሐፉን ከመግዛታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ተናጋሪው ማነው? ዝም እንዲል የተደረገውስ? በ1966 ማርጋሬት ዎከር የተባለች ጥቁር ደራሲ “ጁቢሊ” የሚል ልቦለድ አወጣች። ቦታው ያው ጆርጂያ፣ ጦርነቱም ያው ነው። ባለታሪኳ ቫይሪ ግን ከጌታው የተወለደች ባሪያ ናት። ዎከር ታሪኩን በልጅነቷ ከአያቷ አፍ ሰማችው፤ በቫይሪ ስም የተተረከላትም የገዛ ቅድመ አያቷ ናት። በዚህ ሳታበቃ ለዓመታት መዛግብት አገላብጣለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኼ ነው።

ሁለተኛ፣ ደራሲው ከእውነቱ ምኑን ለወጠ? ማርጋሬት ጋርነር የተባለች ባሪያ በ1856 በረዶ የሠራውን የኦሃዮ ወንዝ ተሻግራ ከኬንታኪ ወደ ሲንሲናቲ ከነቤተሰቧ አመለጠች። አሳዳጆቿ ሲደርሱባት “ልጄስ ወደ ባርነት አትመለስም” ብላ ትንሿን ሴት ልጇን በገዛ እጇ ገደለች። ቶኒ ሞሪሰን ይህን ከድሮ ጋዜጣ ላይ አግኝታ በ1987 “ቢላቭድ”ን ጻፈች። በልቦለዱ ውስጥ እናቲቱ ከባርነት ትተርፋለች። እውነተኛዋ ጋርነር ግን ያመለጡ ባሮች እንዲመለሱ በሚያስገድደው የ1850 ሕግ መሠረት ለጌቶቿ ተሰጥታለች። ሞሪሰን የራሷን ፈጠራ እንደጻፈች አልደበቀችም። ደራሲ ቢለውጥ መብቱ ነው፤ ለውጦ “እውነቱ ይኼው” ሲል ነው መጠንቀቅ።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ መቼ ተጻፈ? ሚቸል ስትጽፍ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጥቁርና ነጭ በትምህርት ቤትም በአውቶቡስም በሕግ ተለያይተው ነበር። የዎከር መጽሐፍ የወጣው ደግሞ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረው ሕግ በ1965 በታወጀ ማግሥት ነው። መጽሐፍ ስለሚተርክበት ዘመን ብቻ ሳይሆን ስለተጻፈበት ዘመንም ይመሰክራል።

የጦር ሜዳ ታሪክ የምትወዱ፣ የማይክል ሻራን “ዘ ኪለር ኤንጅልስ” ፈልጉ። በ1974 የወጣ ነው። በሐምሌ 1863 ጌቲስበርግ ላይ የተደረገውን የሦስት ቀን ውጊያ በሁለቱም ወገን አዛዦች ዓይን ያሳያል። ከደብዳቤዎቻቸውና ከማስታወሻዎቻቸው ተነሥቶ ነው የጻፈው። በሁለት ወገን መጻፉ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም መኮንኖች ናቸው፤ ጦርነቱ የተነሣበት ባሪያ አፍ የለውም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚህም አንርሳው።

ወገኖቼ፣ “ነገም ሌላ ቀን ነው”ን ያነበበ ሰው ይጣለው አልልም። ከጎኑ ሌላ ያስቀምጥ ነው የምለው። አንድ ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ “ጁቢሊ”ን እመርጣለሁ፤ ስካርሌት ቤት ጓዳ ውስጥ የነበረችው ሴት የምትናገረው እሷ ዘንድ ነውና። በእንግሊዝኛ የምታነቡ አንብባችሁ ለሌላው ተርኩለት። ተርጓሚዎቻችንና አሳታሚዎቻችንም ይህን የተረሳ ወገን ያስቡት። አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የፈረደ ዳኛ ፍርዱ ይግባኝ አለበት፤ አንባቢም እንደዚያው ነው።