የፊት ታርጋ፦ ከመብሳታችሁ በፊት ተመልከቱ

(አንዲት አባላችን በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር)



ባለፈው ወር ሰብሳቢያችን «በሚቀጥለው ስብሰባ ማን ያስተምረናል?» ስትል እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ርእሱን ስነግራት ሳቀች። «ስለ ታርጋ ደግሞ ምን የሚባል ነገር አለ?» አለችኝ። «እኔን ያስከፈለኝን ያህል አለ» አልኳት። ዛሬ ያንን ልነግራችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ እዚህ አሌክሳንድሪያ የመጣሁት ከአትላንታ ነው። በጆርጂያ መኪና የሚይዘው አንድ ታርጋ ብቻ ነው፤ እሱም ከኋላ። ቨርጂኒያ መጥቼ መኪናዬን ሳስመዘግብ ሁለት ታርጋ ሰጡኝ። አንዱን ከኋላ አሰርኩ። ሁለተኛውን የት ላድርገው? የመኪናዬ ፊት ልሙጥ ነው፤ ቀዳዳም ማሰሪያም የለውም። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር አስቀመጥኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ብዙም ሳልቆይ የቅጣት ወረቀት መጣብኝ። ለካ ታርጋው መኪናው ውስጥ መኖሩ አይበቃም፤ በደንብ ታስሮ፣ ሳይወዛወዝና ሳይሸፈን ከውጭ በግልጽ መነበብ አለበት።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ መንገዴ ላይ ወዳለ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ሰውየው «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» ብሎ ድሪሉን አነሳ። እኔ ቆሜ አያለሁ። «ቆይ፣ ከጀርባው ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ስለ መኪና ምን አውቃለሁ ብዬ፣ እንዳይስቅብኝም ፈርቼ፣ ዋጥ አደረግሁት። ሁለት ቦታ በሳ፣ ሁለት ረጃጅም ብሎን አጠበቀ፣ 20 ዶላር ተቀበለኝ። ታርጋው ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር፤ እሱንም ዝም አልኩ።

በነጋታው ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። በራሱ የሚይዘው የአደጋ ጊዜ ፍሬን መሥራት አቆመ። ሌላ መካኒክ ጋ ሄጄ ሲፈታው፣ አንደኛው ብሎን ከባምፐሩ ጀርባ ያለውን ራዳር ወግቶታል። ራዳሩ መቀየር ብቻ ሳይሆን ከተገጠመ በኋላ አቅጣጫው በመሣሪያ መስተካከል ነበረበት። ዋጋው ከአንድ ወር የቤት ኪራዬ በለጠ።

በዚያ ወር የእቁብ ዕጣ ደርሶኝ ነበር። እናቴን አይቼ ልመለስ የአውሮፕላን ቲኬት ልቆርጥበት ያሰብኩት ገንዘብ ነው። አብዛኛው እዚያው ጋራዥ ቀረ። አገር ቤት የገባሁት ከዓመት በኋላ ነው። እናቴ «ምን ሆነሽ ቀረሽ?» ስትለኝ «መኪናዬ ተበላሽቶ» አልኳት። በሁለት ብሎን ምክንያት ነው ማለት አሳፈረኝ።

እህቶቼ፣ ከዚያ ወዲህ ተማርኩ። የተማርኩት ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ነገር ነው፦ ቀዳዳ አንዴ ከተበሳ አይመለስም፤ ስለዚህ መብሳት የመጨረሻው ምርጫ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ማንን ይመለከታል?

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ታርጋ ከፊትም ከኋላም እንዲታሰር ያስገድዳሉ። ፔንስልቬንያ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ዴላዌርና ሰሜን ካሮላይና ግን ከኋላ ብቻ ይበቃቸዋል። ኦሃዮም ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ የፊቱን አስቀርታለች። ስለዚህ ከእነዚህ ቦታዎች መኪና ገዝታችሁ ብትመጡ ወይም እንደ እኔ ቤት ብትቀይሩ፣ ፊቱ ያልተበሳ መኪና ሊገጥማችሁ ይችላል።

ባምፐሩ ምንድን ነው?

አገር ቤት ፓራውልት የምንለው ነው። ድሮ ብረት ነበር። ዛሬ ከውጭ የምናየው ቀለም የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። ከእሱ ጀርባ ግጭት የሚያበርድ ስፖንጅ መሳይ ነገር፣ ከዚያም ጠንካራው ብረት ወይም አሉሚኒየም አለ። በመሃል በመሃሉ ሽቦዎች፣ የፓርኪንግ ሴንሰሮችና በብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ራዳር ይኖራሉ። አየር በሚገባበት ፍርግርግ በኩል ደግሞ የኤሲውና የሞተሩ ራዲያተር ቅርብ ናቸው። ረጅም ብሎን የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ የፋብሪካው ማሰሪያ

መጀመሪያ መኪናችሁን እጠቡና በፀሐይ ተመልከቱት። ብዙ ባምፐሮች ላይ ፋብሪካው ራሱ የምስር ፍሬ የምታክል ጎድጎድ ያለች ምልክት በግራና በቀኝ ይተዋል። «የታርጋ ማሰሪያ እዚህ ይገባል» ማለቱ ነው። አንዳንዱ ላይ ከነጭራሹ ቀዳዳው ተዘጋጅቶ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ተደፍኗል። ያኔ የመኪናውን ዓይነት ወደሚሸጠው ኩባንያ መለዋወጫ ክፍል ደውሉና የሻንሲ ቁጥሩን ስጡ። ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ነው፤ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ይነበባል። ለዚያ መኪና የተሠራውን ማሰሪያ ከነብሎኑ ይነግሯችኋል። ብሎኑ በልኩ የተሠራ ስለሆነ ውስጥ ያለውን አይወጋም። ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሁለተኛው፦ የመጎተቻው ቀዳዳ

በብዙ መኪኖች ባምፐር ላይ፣ በአንድ ጎን፣ አራት ማዕዘን ወይም ክብ የሆነች ትንሽ ክዳን አለች። መኪና ሲበላሽ የመጎተቻው ቀለበት የሚጠመዘዝበት ቦታ ነው። በዚያ ገብቶ ታርጋ የሚይዝ ዘንግ ይሸጣል። ምንም አይበሳም፤ ስትፈልጉ ትፈቱታላችሁ። ክዳኗን ስታነሱ የካቻቢቴውን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልሉት፤ ቀለሙን እንዳይቧጭር። አንዳንድ መኪና ላይ ጥርሱ የግራ ስለሆነ በተቃራኒው ነው የሚጠመዘዘው። እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ ወደ ሌላኛው ዙሪያ ሞክሩ። ዘንጉን ስትገዙም ለመኪናችሁ ዓይነትና ዓመት የተሠራ መሆኑን እዩ።

ሦስተኛው፦ ፍርግርጉን የሚቆነጥጥ ማሰሪያ

ፊቱ ላይ ሰፊ ፍርግርግ ላለው መኪና ይሆናል። ከጀርባው ጎማ ወይም ስፖንጅ አድርጉለት፤ አለዚያ በመንገዱ ንቅናቄ እየፈተገ ቀለም ይልጣል። ፍርግርጉን በሙሉ አትሸፍኑ፤ ሞተሩ አየር ይፈልጋል። የፕላስቲክ ማሰሪያ ገመድ ለሳምንት ያህል ያገለግላል እንጂ ፀሐይ ሲያደርቀው ይበጠሳል፤ ያኔ ታርጋችሁ አውራ ጎዳና ላይ ይቀራል።

አራተኛው፦ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ

ይህም ይሠራል፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ለመኪና የተሠራውን ጠንካራውን ግዙ። ቦታውን በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉ። ቅባት ካለ አይዝም። ቀኑ ሞቅ ያለ ይሁን፤ 70 ፋራናይትና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ጥር ላይ ውጭ ቆማችሁ ብትለጥፉት በነጋታው ታገኙታላችሁ፤ መሬት ላይ። በደንብ ተጭናችሁ ለጥፉና ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ 72 ሰዓት ስጡት። እስከዚያ መኪና ማጠቢያ አትግቡ። ባምፐሩ ክብ ከሆነ ጠፍጣፋው ታርጋ ጫፉ ላይ ይላቀቃል፤ ከመሃል የሚገባ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ባምፐሩ በቅርቡ ቀለም የተቀባ ከሆነም ይህን መንገድ ተዉት፤ ማጣበቂያው ቀለሙን ይዞት ሊነሳ ይችላል። ስታነሱት በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና በጥርስ ማጽጃ ክር እየጋዛችሁ አላቅቁት። በቢላ አይሞከርም።

መብሳት ግድ ከሆነ

በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ራዳሩና ሴንሰሮቹ የት እንዳሉ አንብቡ፤ ከእነሱ ራቁ። ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፣ ታርጋውን አስደግፉና ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ አረጋግጡ፣ ምልክት አድርጉ። ታርጋው 12 በ6 ኢንች ነው፤ መሃሉን ለኩ። የድሪሉን ጥርስ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ በፕላስተር ጠቅልሉት፤ ፕላስተሩ ጋ ስትደርሱ ትቆማላችሁ። በቀጭን ጥርስ፣ በቀስታ ብሱ። ብሎኑ አጭርና የማይዝግ ይሁን። ሲጠብቅ አቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

መኪናው የሊዝ ከሆነ አንድም ቀዳዳ ከመበሳቱ በፊት ያከራያችሁን ኩባንያ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አዲስ የምትገዙ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት «የፊት ታርጋ ማሰሪያውን ግጠሙልኝ» በሉ። ቁልፉን ከተቀበላችሁ በኋላ ማንም አይቸኩልላችሁም።

ከምታስቀምጡበት ቦታ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር እዩ፦ ታርጋው ካሜራም ሆነ ሴንሰር አይከልል። የጌጥ ፍሬሙም ፊደሉንና ቁጥሩን አይሸፍን።

ጋራዥ መሄድ ክፉ ነው አላልኩም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ግን ድሪሉ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ለዚህ መኪና የፋብሪካ ማሰሪያ የለውም ወይ? የምትበሳበት ቦታ ጀርባ ምን አለ? ብሎኑ ርዝመቱ ስንት ነው?» ሙያውን የሚያውቅ ሰው በደስታ ይመልስላችኋል። የሚቆጣ ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። እኔ ያንን ሁለተኛውን ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ እናቴን አንድ ዓመት ቀድሜ አያት ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት እህታችን ከፔንስልቬንያ መኪና ገዝታ መጣች። ቅዳሜ ከሰዓት አፓርታማዋ በር ላይ ሄድኩ። አብረን አጠብነው፣ ጎንበስ ብለን አየን። ምልክቶቹ አሉ! ማሰሪያውን አዘዘች፣ በሳምንቱ መጣ፣ በግማሽ ሰዓት ገጠምነው። የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ያጠበቀችው የ12 ዓመት ልጇ ናት። እናትየዋ ፎቶ አንስታ ለአባቷ ላከች።

ካቻቢቴ፣ ሜትር፣ የውሃ ልክ፣ ፕላስተርና አልኮል በአንድ ቦርሳ አድርጌ ይዤ መጥቻለሁ። ቦርሳው ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩ ነው፤ የፈለገች ከጸሐፊያችን ትውሰድ፣ ስትጨርስ ትመልስ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ። ቡና ከጠጣን በኋላ ደግሞ ወደ ፓርኪንጉ እንውረድ። ስገባ አይቻለሁ፤ ፊታቸው ባዶ የሆነ ሦስት መኪናዎች ቆመዋል። የማን እንደሆኑ አልናገርም።