ክፍል ሁለትን በምን እንመዝነው?
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ከተደረገ ንግግር)



እኛ ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ የመጣን ተማሪዎች ዛሬ የምናነሣው ነገር የልጆች ተረት ቢመስልም፥ ፍርድን የሚመለከት ስለ ሆነ በትዕግሥት እንድትሰሙን እንለምናለን።

ሲ. ኤስ. ሊዊስ የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 ድረስ፥ ናርንያ ስለምትባል የምናብ አገር ሰባት የልጆች መጻሕፍት አሳተመ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2005 ፊልም ሆነ፤ ሁለተኛው «ልዑል ካስፒያን» ደግሞ በዚያው በአንድሪው አዳምሰን አዘጋጅነት በ2008 ተከተለ። ገበያው ፈጥኖ ፈርዶበታል፤ ይኸውም የመጀመሪያው ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፥ ሁለተኛው ከ400 ሚሊዮን ጥቂት አልፎ ስለ ቀረ፥ ዲዝኒ ኩባንያ ሦስተኛውን ሳይሠራ ወጣ። የእኛ ሚዛን ግን ገንዘቡ አይደለም።

አንዳንድ ተመልካቾች መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው፥ ፊልሙ የለወጠውን ሁሉ በስሕተት ይቈጥሩበታል። ነገር ግን ተረት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ተራኪው መጨመሩና መቀነሱ ያለ ነው፤ ሰሚው የሚቈጣው የተረቱ አጥንት ሲሰበር ነው። እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን፥ ለውጡ መጽሐፉ ላነሣው ጥያቄ አገለገለ ወይስ አላገለገለም? ብለን ነው።

የመጽሐፉ ጥያቄ ምንድን ነው? አራቱ ልጆች በእነርሱ አቈጣጠር ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ናርንያ ሲመለሱ፥ በአገሪቱ ከሺህ ዓመት በላይ አልፏል። አንበሳውን አስላንን መጀመሪያ ያየችው ታናሺቱ ሉሲ ስትሆን፥ ከታላላቆቿ አብዛኞቹ አላመኗትም። ያየው ታናሽ ሲናገር ማን ይሰማዋል? የሚለው ጥያቄ ለቆላ ልጅ እንግዳ አይደለም። በቋራ ወረዳ በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩን የአገሩ ሰው እያወቀ፥ የውጭው ዓለም የተቀበለው በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በካሜራ ካነሡት በኋላ ነው።

ፊልሙ በመጽሐፉ የሌለ አንድ ትልቅ ነገር ጨምሯል፤ ይኸውም በሚራዝ ግንብ ላይ የተደረገው የሌሊት ወረራ ነው። ፒተር አስላንን መጠበቅ ሰልችቶት ጦሩን ይዞ ይዘምታል፤ ካስፒያንም በቂም ተነሣሥቶ ከዕቅዱ ይወጣል። የበሬ ራስ ያለው አንድ ተዋጊ ከባዱን የብረት መዝጊያ ደግፎ ጓደኞቹን ካሳለፈ በኋላ ይወድቃል፤ በውስጥ የቀሩትም ፒተር እያያቸው ያልቃሉ።

ይህን ጭማሪ እኛ እንደግፈዋለን። በመጽሐፉ ሉሲን አለመስማት ያስከተለው ድካምና መንገድ መሳት ነበር፤ ፊልሙ ግን ዋጋውን በነፍስ ተመነው። በመተማ ላደገ ሰው ጦርነት ጨዋታ አይደለም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ሠራዊታችን እያሸነፈ ሳለ ዐፄ ዮሐንስ ስለ ቈሰሉ፥ ድሉ ወደ ሽንፈት ተለወጠ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው እናቶችና ሕፃናት ከጋላባት ወደ መተማ ዮሐንስ ተሻግረዋል። ይህን ያየ ልጅ ጦርነት ያለ ዋጋ ሲታይ ቢጠራጠር እውነት አለው።

በዚሁ ሚዛን የፊልሙ የመጨረሻ ጦርነት ቀሎ ይገኛል። ዛፎችና ወንዝ ተነሥተው ጠላትን ሲደመስሱ ዐይን ይደነቃል፤ ነገር ግን ስለ ወደቁት ለማዘን ጊዜ አልተሰጠም። የሱዛንና የካስፒያን መሳሳምም በመጽሐፉ የለም፤ ከዚህም በቀር ከሉሲ ጥያቄ ጋር ምንም ዝምድና ስለሌለው፥ ለወጣት ተመልካች ገበያ የተጨመረ ቅመም ይመስለናል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ፊልሙ ከመጽሐፉ እጅግ የራቀበት ወረራ ለመጽሐፉ የታመነበት ቦታ ነው፤ ያሳነሰው ተመልካቹን ለማስደሰት ብቻ የጨመረው ነው።

በክረምት ወደ ቆላ የምትመለሱ ጓደኞቻችን ለታናናሾቻችሁ ፊልም ስታሳዩ፥ ካለቀ በኋላ ማን ትክክል እንደ ነበረና ማን እንደ ተጎዳ ጠይቋቸው፤ መጀመሪያም ከሁሉ የሚያንሰው ይናገር።