የጓሳ ቀበሮና የደጃችን ውሻ

ነርስ ስለሆንኩ ስለ ጤና እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እኔ ግን የምጀምረው ከቀይ ቀበሮ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ጓሳን ለመንዝ ሰው ማስተዋወቅ አያሻም። እዚህ ጀርመን ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ግን ልንገራቸው። ያ ብርዳማ ደጋ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት (የመንዙን ማለቴ ነው) ሲጠብቁት ኖረዋል። አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ሳይፈቀድ የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ከየቀበሌው ሰው መርጦ ኮሚቴ አቋቋመና ጥበቃውን መለሰው። እ.ኤ.አ. በ2012 ክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በሕግ አጸናው። ማንም ከውጭ መጥቶ አላስተማራቸውም።

በዚህ ሣር ውስጥ ነው ቀይ ቀበሮ የሚኖረው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በአገሪቱ ሁሉ ተደምሮ ለአቅመ መራባት የደረሰው ከ500 አይበልጥም። ምግቡ አይጥ ነው። ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ ያዩት ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል፦ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። ጭላዳዎቹም ዝም ይሉታል፤ ጎረቤት አድርገውታል።

ይህን እንስሳ ጥይት ሳይሆን የእኛው ውሻ ነው የሚያሰጋው። እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በባሌ የወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። በሽታውን ያመጣው ውሻ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሙያዬ መጣሁ። ባለፈው ስብሰባ አንድ አባታችን «ጤና ጣቢያው ጓንት እያጣ ለቀበሮ ገንዘብ?» ብለው ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀበሮውን የሚገድለው በሽታና የእረኛውን ልጅ የሚገድለው በሽታ አንድ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ እኔ የተማርኩበት አገር ያለው ትልቁ ሆስፒታል እንኳ ብዙ ሊያደርግ አይችልም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ክትባት መጀመር አለበት። ያ ክትባት ደግሞ ውድ ነው፤ ከገጠር መንደር እስከሚገኝበት ድረስ መንገዱም ሩቅ ነው። ውሻን መከተብ ግን ርካሽ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ጀርመን በጫካ ላሉ ቀበሮዎቿ ክትባት ያለበት ምግብ ከአውሮፕላን ሳይቀር እየበተነች በ2008 ከዚህ በሽታ ነጻ ወጥታለች። እኛ አውሮፕላን አያስፈልገንም፤ ውሾቹን በስማቸው የሚጠሩ ልጆች አሉን።

ሥራው የሚጠይቀው ይኸው ነው። ክትባቱ ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ ሆኖ እስከ መንደሩ መድረስ አለበት። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይወጋል፤ በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ ቤት ለቤት ሄደው ውሻ ይቆጥራሉ፣ ይይዛሉ፣ ይመዘግባሉ። የበግ ጠባቂ ውሻ እንግዳ አያስጠጋም፤ ስለዚህ የሚይዘው ባለቤቱ ወይም ልጁ ነው። ቡችላ በየዓመቱ ይወለዳልና አንድ ጊዜ ከትበን ፎቶ ተነሥተን የምንተወው ከሆነ እኔ ድምፄን አልሰጥም። ቢያንስ የሦስት ዓመት ገንዘብ ተይዞ ይጀመር።

ለጓንቱም አብረን እናዋጣ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የምትሄዱ፣ ከኮሚቴው ሽማግሌዎችና ከወረዳው ሐኪም ጋር ቁጭ ብላችሁ የውሻውን ብዛትና የማቀዝቀዣውን ነገር ጠይቃችሁ እንድትመጡልን እፈልጋለሁ። ስማችሁን ከምሳ በፊት ለጸሐፊያችን ስጡ።