ከጎረቤት በደል ጋር ብቻቸውን አንተዋቸው
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ስለ አካል ጉዳተኞች ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ክራንች፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ዕለት እርዳታና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ዛሬ ግን አካል ጉዳተኛው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ከጎረቤት ስለሚደርስበት ስድብና ማሳደድ ልናገር እወዳለሁ።

ነገሩ በጥቂቱ ይጀምራል። ልጆች በስሙ ፈንታ በጉዳቱ ይጠሩታል፤ ወላጆችም ሰምተው ይስቃሉ። በሌሊት ጣሪያው ላይ ድንጋይ ይወረወራል። በጋራው ቧንቧ ተራው ሲደርስ ዕቃው ወደ ኋላ ይገፋል። ለቡና የሚጠራው ይጠፋል። በመጨረሻም አከራዩ «ሰው ተነሣብኝ፤ ቤቱን ልቀቅልኝ» ይለዋል። ሰው በገበያ ቢሰደብ ወደ ቤቱ ይገባል። በቤቱ የሚሰደብ ወዴት ይግባ?

በአዲስ አበባ የዘነበወርቅ ሰፈር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጠናል። በዚያ በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ዙሪያ ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ብዙ ሰዎች ሰፈሩ። በ1958 ዓ.ም. የአለርት ማዕከል በዚያው ተቋቋመ። ከመጡት መካከል ብዙዎች ታክመው እንኳ ወደ ትውልድ ቀያቸው አልተመለሱም። መድኃኒቱ በሽታውን ቢያቆምም፣ የጎረቤትን ፊት አልለወጠላቸውም ነበር።

ጎረቤት ለምን ያሳድዳል? ብዙውን ጊዜ ከፍርሃትና ከተሳሳተ እምነት የተነሣ ነው። ሥጋ ደዌ «የዘር ነው» ይባላል። ነገር ግን ሐንሰን የተባለው የኖርዌይ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳገኘው፣ የሚመጣው ከተዋሲ ነው። «ይተላለፋል» ይባላል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው በሽታውን የመከላከል ኃይል አለው፤ ሕክምና የጀመረ ሰውም ብዙ ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የተቀናጀ መድኃኒት እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈውሳል። የተጎዳ ነርቭና የጠፋ ጣት ግን በመድኃኒት አይመለስም። ስለዚህ በእጁ ላይ የምናየው ያለፈ በሽታ ጠባሳ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም።

«የኃጢአት ቅጣት ነው» የሚሉም በእኛው መካከል አሉ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ አስተሳሰባቸውን እንዳልተቀበለ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ተበዳዩን ብቻ «ታገሥ፣ ቻል» ማለትን እንተው። ለተሰዳቢው ትዕግሥትን ሰብከን ለተሳዳቢው አንድ ቃል ካልተናገርን፣ ያገዝነው ተሳዳቢውን ነው።

ሁለተኛ፣ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ እርሱን ራሱን እንጠይቅ። ሳያውቅና ሳይፈቅድ ጎረቤቱን አንገሥጽ። እኛ ተናግረን እንሄዳለን፤ እርሱ ግን ከዚያው ጎረቤት ጋር ያድራል።

ሦስተኛ፣ ቤቱ እንሂድ። እጁን እንጨብጥ፣ ከቡናው እንጠጣ፣ ጎረቤቶችንም አብረን እንጥራ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ በሽታው እንድታስረዳ እናድርግ። በዕድርና በማኅበር እንደ ማንኛውም አባል መዋጮውን ከፍሎ ይግባ፤ ለሐዘን ሲወጣም አብሮ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ ነገሩ ካልበረደ በሽማግሌ ይታይ። ድብደባ፣ የድንጋይ ውርወራ ወይም የግድያ ዛቻ ካለ ግን ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አይጠበቅም፤ ለፖሊስ ይነገር። የሆነው ነገር ከነቀኑ፣ ያዩት ምስክሮችም ከነስማቸው ይጻፉ። ማንበብና መጻፍ ለማይችል እኛ እንጻፍለት፤ ወደ ቀበሌም አብረነው እንሂድ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የማንኛውንም ሰው ሰብአዊ ክብር ያስጠብቃል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስድብና ዛቻም በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣሉ።

አምስተኛ፣ «ሌላ ሰፈር ቤት እንፈልግልህ» ለማለት አንቸኩል። እርሱ ከመረጠ እናግዘው። ሳይመርጥ ብናወጣው ግን አሳዳጁ የፈለገውን አደረግንለት ማለት ነው።

ለፕሮጀክት ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልጨምር። መኪናችን ከአንድ ሰው ደጅ ብቻ ቆሞ ዱቄትና ቆርቆሮ ሲያወርድ፣ በድህነት አብረውት የሚኖሩት ጎረቤቶች ዓይን ይከተለዋል። በዚህም ሳናስበው ጥላቻን ልናባብስበት እንችላለን። የውሃ ቦኖ ስንሠራ ለመንደሩ ሁሉ ይሁን፤ እርሱም በኮሚቴው ውስጥ ይመረጥ። ውሃ የሚያስቀዳቸውን ሰው በክፉ ስም መጥራት ለብዙዎች ይከብዳቸዋል።

ምእመናን ሆይ፣ ከእኛም መካከል የእንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት የሆነ ብዙ ነው። ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስ ልጆቻችን ያንን ሰው በምን ስም እንደሚጠሩት እንስማ። በጉዳቱ የሚጠሩት ከሆነ የራሱን ስም እናስተምራቸው። ስሙን እኛም የማናውቀው ከሆነ በሩን አንኳኩተን እንጠይቀው።

ጌታ ይርዳን።