መርፌና ፊደል፦ ትንንሽ ልጆችን ጥልፍ ስለ ማስተማር

(በማኅበራችን የአርብ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)

ማዳም አስፈቅዳችሁ፣ የታክሲ ከፍላችሁ፣ ከሳምንት አንዷን የዕረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ብዙ አላወራም፤ ለሥራ የሚሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። እዚህ ሪያድ አብረውን ያሉት ልጆቻችን ብዙዎቹ ውለው የሚያድሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ኢቃማ ያለው ትምህርት ቤት ይገባል፤ የሌለው ቤት ይቀራል። እናት ለሰዓት ሥራ ስትወጣ በሩ ይቆለፋል፣ ልጁ ከስልክ ጋር ይውላል። ማታ ስትመለስ የልጁ ዓይን ቀልቶ፣ ንግግሩ ግማሹ አረብኛ ግማሹ የካርቱን ቋንቋ ሆኖ ታገኘዋለች። ይህን የምለው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ማን ወዶ በር ይቆልፋል? እኔ ያመጣሁት ነገር ችግሩን ሁሉ አይፈታም። ግን አርብ አርብ እኛ ስንሰበሰብ ልጆቹም ጥግ ላይ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ጥልፍ ይማሩ፤ በጥልፉ ውስጥ ደግሞ ፊደልና ቁጥር እናስገባላቸው ነው የምለው።

ጥልፍ ብዙ ዓይነት አለው። ለልጅ የሚቀለው ክሮስ ስቲች የሚባለው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ጨርቅ ላይ በኤክስ በኤክስ የሚጣለው ነው። መሳል መቻልን አይጠይቅም። እስከ አሥር የሚቆጥር ልጅ ይሠራዋል። አማርኛው «መስቀለኛ ስፌት» ስለሚሆን አንዳንድ ሙስሊም እህቶቻችን ቅር እንዳይላችሁ ይህንን ላስረዳ። ስፌቱ ከአንድ ካሬ ጥግ ወደ ጥግ የሚሄዱ ሁለት ክሮች ናቸው እንጂ የሃይማኖት ምልክት አይደለም። የፍልስጤም ሴቶች፣ ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም፣ በቀሚሳቸው ደረት ላይ የሚጠልፉት ተትሪዝ በብዛት ይኸው ስፌት ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። እኛ ልጆቹን ስናስተምር «ኤክስ» እንበለው፤ ሁሉም ይስማማበታል።

ሁለተኛው ቅሬታ ይበልጥ ከባድ ነው። «እኔ በሰው ቤት እጄ አለቀ፤ ልጄን ደግሞ መርፌ አስይዛችሁ እንደኔ ልታደርጓት ነው?» የምትል እናት አለች። እውነቷን ነው፣ ጥያቄው ይገባል። መልሴ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ወንዶቹም ይማራሉ። ሀገራችን ውስጥ ሽመና የወንድ ሙያ ሆኖ ነው የኖረው፤ ሽሮ ሜዳ የምናየውን ጥበብ የሚሸምኑት ዶርዜዎች በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ክርና ጨርቅ የሴት ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ሁለተኛ፣ ጥልፍ የሎሌ ሥራ ሆኖ አልኖረም። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበር የሚነገርለት፣ በባለ ቀለም ሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከተወሰዱት ዕቃዎች ጋር የሄደ ነው። እዚህ ሳውዲም የባህል ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. 2025ን የእጅ ጥበብ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። ሌላው የሚኮራበትን ነገር እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ዋናው ነው። የልጅ ጥልፍ አይሸጥም። ይህንን ኮሚቴው በደንብ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ዛሬ አንድ ልጅ አንድ ቆንጆ ነገር ሲሠራ «ይሄማ ገንዘብ ያመጣል» ማለት ከጀመርን ነገ ልጁ ተማሪ መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛ ይሆናል። እኛ ልጅነታችን በሥራ ያለቀ ሰዎች ይህንን ሳንነገር እናውቀዋለን። ልጁ የሠራው ለራሱ፣ ለእናቱ ወይም ሀገር ቤት ላለች አያቱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

ዕቃው ብዙ ወጪ የለውም። ለጀማሪ ጨርቅ አትግዙ። ሩዝ የሚመጣበት የቃጫ ጆንያ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ጥሩ ነው፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ጠርዙ እንዳይተረተር በፕላስተር ይለጠፋል። ምንጣፍ እንዳያንሸራትት ከሥሩ የሚነጠፈው የላስቲክ መረብም ካሬ ካሬ ቀዳዳ አለው፤ ሁለት ሪያል ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ለእነዚህ የሹራብ ክር ይበቃል። መርፌው ጫፉ ደነዝ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ ይሁን፤ የፕላስቲክም አለ።

ልጁ እጁ ሲፈታ አይዳ የሚባለው ጨርቅ ይመጣል። አይዳ በቁጥር ይሸጣል። 14 ቁጥር ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ካሬ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ካሬው ይተልቃል። ለልጅ 6 ወይም 11 ይሻላል። የጥልፍ ክር እናቶቻችን የሚያውቁት ዲኤምሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1746 የተመሠረተ የፈረንሳይ ድርጅት ነው። ቀለሙ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 310 ጥቁር ነው፣ 321 ቀይ ነው። ሱቅ ስትሄዱ ቁጥሩን መናገር ይበቃል። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ሲሆን ክሩ ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። በ14 ቁጥር ጨርቅ ላይ ሁለቱን፣ በ11 ላይ ሦስቱን፣ በ6 ላይ ስድስቱንም ነው የምንጠቀመው። የክሩ ርዝመት አንድ ክንድ ይሁን፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። ከዚያ ከረዘመ ይቋጠርና ልጁ ተስፋ ይቆርጣል።

በዕድሜ እንከፋፍለው። አራትና አምስት ዓመት ለሆኑት ካርቶን ላይ ቀዳዳ በስታችሁ የጫማ ማሰሪያ ስጧቸው፤ ማስገባትና ማውጣት ብቻ ይልመዱ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ስድስትና ሰባት ዓመት ለሆኑት ጆንያ ወይም መረብ ስጧቸው። ስምንት ዓመት ያለፋቸው አይዳ ይጀምራሉ፤ እነሱ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። መርፌው ከጨርቁ ሥር በካሬው የታችኛው ግራ ጥግ ይወጣል፣ በላይኛው ቀኝ ጥግ ይገባል። ይህ የኤክሱ አንድ እግር ነው። እንደገና በታችኛው ቀኝ ይወጣል፣ በላይኛው ግራ ይገባል። አለቀ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ከላይ የሚያርፈው ክር ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጋደም። አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ከተጋደመ ጥልፉ ይዥጎረጎራል። ክሩን መጀመሪያ ላይ አትቋጥሩት፤ ሦስት ጣት የሚሆን ጭራ ከጀርባ ትታችሁ ኤክሶቹ ራሳቸው እንዲይዙት አድርጉ። ሲያልቅም ከጀርባ ሦስት አራት ኤክስ ሥር አሳልፋችሁ ቁረጡት። ክሩ ከተጠማዘዘ መርፌውን አንጠልጥሎ መልቀቅ ነው፤ ራሱ ዞሮ ይፈታል፣ ልጆቹም ይህንን ይወዱታል።

ስታሳዩ ከልጁ ጎን ተቀመጡ እንጂ ፊት ለፊት አትቀመጡ፤ ፊት ለፊት ከሆነ ግራና ቀኙ ይገለበጥበታል። ግራኝ የሆነውን ልጅ ግን ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ እንደ መስታወት እያየ ይከተላችኋል። ግራኝነቱን አትቆጡት። የተሳሳተውን ካልጠየቃችሁ በቀር አትፍቱበት። ጠማማ ኤክስ ማንንም አይጎዳም፤ በሰው እጅ የተፈታ ሥራ ግን ልጁን «አልችልም» ያሰኘዋል።

አሁን ፊደሉ። በ የሚለውን ፊደል አስቡ፤ ሁለት እግርና አንድ ጣሪያ ነው። እያንዳንዱ እግር አምስት ኤክስ፣ በመካከል ጣሪያው ሦስት ኤክስ፣ በድምሩ 13። ብትገለብጡት ሀን ይመስላል፤ ያም 13 ነው። በ ካለቀ በኋላ ቀኝ እግሩ መካከል ላይ ሁለት ኤክስ ወደ ውጭ ስትጨምሩ ቡ ይሆናል፤ እግሩ ሥር ብትጨምሩ ቢ ይሆናል። ቀኝ እግሩን በሁለት ኤክስ ስታስረዝሙት ባ፣ ግራውን ስታስረዝሙት ቦ ነው። ቀለበት ያለው ቤና ግራ ጎኑ ላይ ጭረት ያለው ብ ትንሽ ስለሚከብዱ መጨረሻ ይምጡ። ልጁ ፊደል በዘፈቀደ እንዳልተለወጠ፣ ሥርዓት እንዳለው በጣቱ ያውቀዋል። 33ቱን በሰባት ሲያባዛ 231 ፊደል እንደሚሆንም በዚያው ይማራል። ሒሳቡም አብሮ ነው፦ አሥር በአሥር ካሬ መቶ ኤክስ ነው፣ እያንዳንዱ ኤክስ ሁለት ስፌት ስለሆነ ሁለት መቶ ጊዜ ጥሏል ማለት ነው።

ጥንቃቄውን አትርሱ። ከመጀመራችን በፊት መርፌ ይቆጠራል፣ ስንጨርስ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ካልሞላ ማንም ከክፍሉ አይወጣም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መርፌ ብቻ። በማይሠራበት ሰዓት መርፌው ሳሙና ላይ ይሰካል። መርፌ ይዞ መነሳት፣ አፍ ውስጥ መያዝ የለም። መቀስ ከአስተማሪዋ እጅ አይወጣም። የሚድሁ ሕፃናት በሌላ በኩል ይሁኑ።

የማዳም ልጆችን የምትይዙ እህቶች፣ እናንተም «ለነሱም ባስተምር» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ ግን ሳታስፈቅዱ እንዳትጀምሩ። ልጁ ጣቱን ቢወጋ ጥፋቱ የእናንተ ነው የሚሆነው። ማዳም እሺ ካለች በካርቶንና በፕላስቲክ መርፌ ጀምሩ፣ እሷም እያየች ይሁን።

የመጨረሻው ነገር ልጆቻቸው ሀገር ቤት ላሉት ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። በኢሞ ስንደውል «በላህ? ተማርክ? አያትህን እንዳታስቸግር» ካልን በኋላ ወሬው ያልቃል፤ ልጁ ስልኩን ለአያቱ ሰጥቶ ይሮጣል። ሰው ሲሄድ አንድ ቁራጭ አይዳ፣ አንድ ደነዝ መርፌና ሁለት ቀለም ክር ላኩ። ያንኑ ጨርቅ እናንተም ያዙ። ስልኩን ከፍ ባለ ነገር ላይ አስደግፋችሁ የኋላ ካሜራው እጃችሁን ወደ ታች እንዲያይ አድርጉ። «ዛሬ አምስት ኤክስ እኔ፣ አምስት ኤክስ አንተ» በሉት። ፊታችሁን ላያስታውስ የሚችል ልጅ እጃችሁን ያውቀዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ስትደውሉ ደግሞ የምታወሩት ነገር ይኖራችኋል፤ የት ደረስክ ትሉታላችሁ።

እንግዲህ ማኅበሩን የምጠይቀው ይህንን ነው። ለሚቀጥለው አርብ የሩዝ ጆንያ ያላችሁ አጥባችሁ አምጡ። የሹራብ ክር የተረፋችሁ ቁራጩም ቢሆን ይጠቅማል። ከኮሚቴው የሚፈለገው ደነዝ መርፌና ጥቂት ክር መግዣ ነው። ጥልፍ የምታውቁ ሁለት እህቶች ከእኔ ጋር ብትቀመጡ ልጆቹን በዕድሜ ሦስት ቦታ እንከፍላቸዋለን። አባቶችም ልጆቹን አድርሳችሁ አትሂዱ፤ ተቀመጡና ቁጠሩላቸው። ስማቸውን ለመስጠት የምትፈልጉ ወላጆች ሻይ ሲቀርብ እዚሁ አስመዝግቡ።